የልጅ ስንቅ፦ የጃፓን ምሳ ዕቃ ታሪክ እና የእኛ ክፍል



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የራሴ ስሕተት ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት እሱን ልናገር።

የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነበር። የዕለቱ ርዕስ «የምግብ ዓይነቶችና ጥቅማቸው» ይላል። መጽሐፉ ላይ የተሳሉት ፍራፍሬዎች ካምፓችን ውስጥ የሚገኙ አይደሉም። «ታዲያ ለምን ልጆቹ ከሚበሉት ነገር አላስተምርም?» ብዬ አሰብኩና «በሉ፣ ሁላችሁም የቋጠራችሁትን ምሳ ዴስክ ላይ አውጡ» አልኳቸው። ጥሩ የማስተማሪያ ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ገሚሶቹ እየተሳሳቁ አወጡ። ገሚሶቹ ደግሞ ሳህናቸውን በክንዳቸው ከለል አድርገው በትንሹ ከፈት አደረጉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» አለኝ። ፈቀድኩለት። ደወል እስኪደወል አልተመለሰም።

ያ ልጅ ለምን እንደወጣ የገባኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው። የሚያወጣው ምሳ አልነበረውም። ልጁን ከክፍል ያስወጣሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ «የልጅ ምሳ» የሚለው ነገር ከሐሳቤ አልጠፋም። ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ ሳነብ፣ ይህን ጉዳይ ከእኛ በፊት ብዙ የተጨነቀበት አንድ ሕዝብ አገኘሁ፤ ጃፓኖች ናቸው። ዛሬ በዓለም ላይ ለልጅ የሚያምርና የሚያጫውት ምሳ በመሥራት የታወቁት እነሱ ናቸው። ሩዙን ድብ፣ እንቁላሉን አበባ፣ ቋሊማውን የባሕር እንስሳ አስመስለው ይሠሩታል። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ስናየው ግን አነሳሱ ከጥጋብ አይደለም። ረሃብ አለበት፣ ጦርነት አለበት፣ የእርዳታ ዱቄትም አለበት። ለእኛ መምህራንና ተማሪዎች የሚጠቅመን ትምህርት ያለውም እዚህ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከስንቅ ወደ ሣጥን

ጃፓኖች የሚቋጠር ምሳን «ቤንቶ» ይሉታል። መነሻው የመንገድ ስንቅ ነው። ካማኩራ በሚባለው ዘመን፣ ማለትም ከ1185 እስከ 1333 ባለው ጊዜ፣ ሩዝ ቀቅለው ያደርቁና በትንሽ ከረጢት ይይዙት ነበር። እንዳለ ሊቆረጠም ይችላል፤ ውሃ ሲገኝ ደግሞ ይታሻል። ይህን ስናነብ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በሶን ነው። አባቶቻችን ገብስ ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ በስልቻ ይዘው እንደሚጓዙት ማለት ነው። መንገደኛ የሆነ ሕዝብ ሁሉ የማይበላሽና እሳት የማይፈልግ ምግብ ይፈልጋል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጃፓኖች በቀለም የተለበጠ የእንጨት ሣጥን ይሠሩ ጀመር። ስንቁ ከከረጢት ወጥቶ ሣጥን ገባ። ሣጥን ሲገባ የሚታይ ነገር ሆነ፤ የሚታይ ነገር ደግሞ ይደረደራል፣ ቀለሙ ይመረጣል። ቀጥሎ በነበረው በኤዶ ዘመን ሰዎች ቴያትር ሲያዩ በትዕይንቶቹ መካከል የሚበሉት ልዩ ቤንቶ ተፈጠረ። ባቡር ሲመጣም ስንቁ አብሮ ባቡር ላይ ወጣ። የመጀመሪያው የባቡር ጣቢያ ቤንቶ በ1885 ኡትሱኖሚያ በምትባል ከተማ ጣቢያ እንደተሸጠ ይነገራል። በቀርከሃ ቅጠል የተጠቀለሉ ሁለት ድብልብል ሩዞች ነበሩ።

ሣጥኑ ሲናገር

አሁን ወደ ትምህርት ቤት እንግባ። በ1889 በሰሜን ጃፓን ያማጋታ ክፍለ ሀገር ትሱሩኦካ በምትባል ከተማ፣ የቡድሃ መነኮሳት በአንድ ገዳም ግቢ ውስጥ ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ልጆቹ ምሳ ሳይዙ እንደሚመጡ ሲያዩ፣ መነኮሳቱ በየቤቱ እየዞሩ ምጽዋት ይለምኑና በተገኘው ምሳ ያበሏቸው ጀመር። ድብልብል ሩዝ፣ ጨው የገባበት ዓሣና በጨው የቆየ አትክልት ነበር። ጃፓኖች የትምህርት ቤት ምገባ ታሪካቸውን የሚቆጥሩት ከዚህ ነው። የጀመረው በመንግሥት ሳይሆን በለማኝ መነኮሳት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የቀሩት ልጆች ግን ምሳቸውን ከቤት ነበር የሚያመጡት። ችግሩም ከዚህ ተነሳ። ታይሾ በሚባለው ዘመን (ከ1912 እስከ 1926) የአሉሚኒየም ምሳ ዕቃ ወጣ። ለማጠብ ቀላል ነው፣ እንደ ብር ያብረቀርቃል፤ በዚያን ጊዜ የሀብታም ዕቃ ነበር። ጊዜው ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በወጪ ንግድ የከበሩ ሰዎች የበዙበት፣ በሌላ በኩል በሰሜን ምሥራቁ የቶሆኩ አካባቢ ሰብል የጠፋበት ነበር። እንግዲህ ሁለት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ክዳን ሲከፍቱ የሁለት ቤት ታሪክ ይከፈታል ማለት ነው። የአንደኛው ያብረቀርቃል፤ የሌላው የእንጨት ሣጥን ነው፣ ውስጡም ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ያን ጊዜ «ምሳ ከቤት ማምጣት ይቅር» የሚል ክርክር በአገሩ ተነሳ። ያልበላ ልጅ አካሉ ይጎዳል፤ ምሳው ያላማረ ልጅ ደግሞ ልቡ ይጎዳል የሚል ነበር ክርክሩ። እኔ ይህን ሳነብ ሳህናቸውን በክንዳቸው የከለሉት ተማሪዎቼ ናቸው ትዝ ያሉኝ። ለካ ምሳ ዕቃ አፍ አለው፤ ልጁ ሊደብቅ የፈለገውን ሁሉ ይናገርበታል።

በ1932፣ በዓለም ላይ የኢኮኖሚ ቀውስ በነበረ ጊዜ፣ የጃፓን መንግሥት ምሳ ላጡ ተማሪዎች ድጎማ መስጠት ጀመረ። ትምህርት ሚኒስቴሩ ያወጣው መመሪያ አንድ የሚገርም ማሳሰቢያ ነበረበት። ምሳው ሲሰጥ የድሀ መጦሪያ መስሎ እንዳይታይ ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግ የሚል ነው። ማብላት ብቻ ሳይሆን፣ ሳያሳፍሩ ማብላት የሚያስፈልግ መሆኑን አውቀውት ነበር።

ጦርነትና ባዶ ሣጥን

በዚያው በ1930ዎቹ ምሳ ዕቃ ሌላ ሸክም ተጫነበት። «ሂኖማሩ» የሚባል ቤንቶ አለ። ነጭ ሩዝ ተሞልቶ መሐሉ ላይ አንዲት በጨው የቆየች ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ ትደረጋለች። ሲያዩት ቁርጥ የጃፓን ባንዲራ ነው። ከመስከረም 1939 ጀምሮ መንግሥት በየወሩ የመጀመሪያ ቀን ሕዝቡ ቁጠባ እንዲያሳይ ባዘዘ ጊዜ፣ ይኸው ሂኖማሩ የዕለቱ ምሳ ሆነ። በምግብ ቅርጽ መሥራት እንግዲህ ለልጅ ደስታ ብቻ ሳይሆን ለጦርነት ቅስቀሳም ሊውል ይችላል ማለት ነው። ታሪክ የሚያስተምር ሰው ይህንን መዝለል የለበትም። ትንሽ ቆይቶ ሩዙም ራሱ በራሽን ሆነ። ራሽኑ እየሳሳ ሲሄድ በሩዙ ውስጥ ገብስ፣ ድንችና ያገኙት ሁሉ ይደባለቅ ነበር።

በሂሮሺማ የሰላም መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ አንድ ምሳ ዕቃ ተቀምጧል። የ13 ዓመት ተማሪ የነበረ ልጅ ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ እናቱ የቋጠሩለትን ይዞ ነበር። ምሳው አዲስ ከለማ መሬት የተገኘ የመጀመሪያ ምርት ነበረበት። በዚያን ቀን ጠዋት የአቶሚክ ቦምቡ ወደቀ። እናቲቱ ከሦስት ቀን በኋላ አስከሬኑን ሲያገኙት ምሳ ዕቃው ከሆዱ ሥር እንደታቀፈው ነበር። ውስጡ ያለው እህል ከስሎ ጥቁር ሆኗል። እስከ ዛሬም ሳይበላ እንደ ከሰለ አለ።

ስለዚህ ነገር ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ብዙ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። እናት ምሳ ስትቋጥር «በሰላም ዋል፣ ስትርብህ እዚህ ነኝ» እያለች ነው። ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ይህም ጭምር ነው።

የእርዳታ ወተት የጠጡ ልጆች

ጦርነቱ ሲያበቃ ጃፓን ተርባ ነበር። ከተሞቿ ተቃጥለዋል፣ ከተማሪዎቿ ብዙዎቹ ሳይበሉ ነበር የሚመጡት። ዛሬ ለሌሎች አገሮች እርዳታ የምትሰጠው ጃፓን ያን ጊዜ ተቀባይ ነበረች።

መጀመሪያ ከደረሱት እርዳታዎች አንዱ «ላራ» በሚል ስም በተባበሩ የአሜሪካ የሃይማኖትና የእርዳታ ድርጅቶች በኩል የመጣው ነው። ጭነቱ በ1946 መጨረሻ ገደማ ደረሰ። ታኅሣሥ 24 ቀን 1946 በቶኪዮ፣ በካናጋዋና በቺባ የትምህርት ቤት ምሳ በሙከራ ተጀመረ። ከዚህ እርዳታ በስተኋላ ያለው ታሪክ በተለይ ለእኛ ቅርብ ነው። ከለጋሾቹ መካከል በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ የሚኖሩ የጃፓን ተወላጆች ነበሩበት። በአሜሪካ ከነበሩት ውስጥ ብዙዎቹ በጦርነቱ ጊዜ «የጠላት ዘር ናችሁ» ተብለው በረሃ ላይ በተሠሩ ካምፖች ውስጥ ታጉረው የቆዩ ናቸው። ለዚህ እርዳታ ቀድሞ ከተንቀሳቀሱት አንዱ የሆነው ጋዜጠኛ ሺቺኖሱኬ አሳኖ ራሱ በዩታ ግዛት ቶፓዝ በሚባል ካምፕ ውስጥ ነበር። ከካምፕ ወጥቶ ገና ኑሮውን ሳያደላድል ነው ለተራቡት ልጆች እርዳታ ማሰባሰብ የጀመረው። ካምፕ የነበረ ሰው ተቀባይ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

በ1949 ደግሞ ዩኒሴፍ የዱቄት ወተት መስጠት ጀመረ። ስቡ የወጣለት ወተት በሙቅ ውሃ ተበጥብጦ በኩባያ ይታደል ነበር። ያንን ወተት የጠጡ ጃፓኖች አርጅተውም ሽታውን አልረሱትም። አፍንጫቸውን ይዘው ይጨልጡት እንደነበር ያወራሉ። የእኛ ልጆች የጠዋቱን ገንፎ ኩባያ ይዘው ሲሰለፉና አንዳንዱ ፊቱን ሲያጨማድድ ሳይ፣ «አይዞህ፣ የዛሬዎቹ የጃፓን ሽማግሌዎችም እንዳንተ ነበሩ» ልለው ይቃጣኛል።

በ1954 ጃፓን የትምህርት ቤት ምገባ ሕግ አወጣች። የእርዳታ ምግብ የነበረው ነገር የትምህርት አካል ሆነ። ለረጅም ጊዜ ምሳው ዳቦና ወተት ነበር፤ ሩዝ በይፋ ወደ ትምህርት ቤት ምሳ የተመለሰው በ1976 ነው።

ጨዋታው እንዴት መጣ?

የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች፣ እንዲሁም ለሽርሽርና ለስፖርት ቀን የሚወጡ ተማሪዎች ግን ቤንቶ ከቤት መያዛቸውን ቀጠሉ። የሚያጫውተው ምሳ ያደገውም በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የታወቀው ኦክቶፐስ የሚመስለው ቋሊማ ነው። ኦክቶፐስ ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት በጃፓን ቀይ ቀለም የተቀባ ርካሽ ቋሊማ ይሸጥ ነበር። ቋሊማው ድቡልቡል ስለሆነ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ለሚበላ ሰው፣ በተለይም ለልጅ፣ ይንሸራተታል። ጫፉን ሰነጣጥቀው ሲጠብሱት የተሰነጠቀው ወደ ውጭ እየተጠቀለለ ይከፈትና እግር ይመስላል። ለመያዝም ይቀላል። ዘዴውን ያስተዋወቀችው በቴሌቪዥን ምግብ ታስተምር የነበረች ሴት እንደሆነች ይነገራል። የቋሊማው ዓይነት አልተለወጠም፣ ዋጋውም አልጨመረም፤ የተጨመረው ሦስት አራት ጊዜ ቢላ ማሳረፍ ብቻ ነው። ፖም ደግሞ ሲቆረጥ ልጣጩ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ በሁለት ሹል ጆሮ መልክ ይተውና ጥንቸል ይሆናል።

ጨዋታ ስል አንድ ሰው መጥቀስ አለብኝ። ታካሺ ያናሴ የሚባል ሠዓሊ ነበር፤ በ1919 ተወልዶ በ2013 አረፈ። ወጣት ሳለ ወታደር ሆኖ ወደ ቻይና ተልኮ ነበር፤ እዚያም ረሃብን አየ። ወንድሙም በጦርነቱ ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ «ፍትሕ» የሚባለው ነገር ትርጉሙ በአንድ ቀን ሲገለበጥ አየና፣ የማይገለበጥ ፍትሕ ምንድን ነው ብሎ ራሱን ጠየቀ። የደረሰበት መልስ ቀላል ነው፦ የተራበን ማብላት። በ1973 «አንፓንማን» የሚባል የልጆች መጽሐፍ አወጣ። ጀግናው ጭንቅላቱ ዳቦ ነው። የተራበ ሰው ሲያገኝ ከራሱ ፊት ቆርሶ ይሰጠዋል። በመጀመሪያ ትልልቆቹ አልወደዱትም፤ «ፊቱን ቆርሶ የሚያበላ ጀግና ምን ዓይነት ነው፣ ያስፈራል» አሉ። ልጆቹ ግን መጽሐፉን እስኪቀደድ አነበቡት። ከ1988 ጀምሮ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ የዚያ ክብ የዳቦ ፊት መልክም እናቶች በልጆቻቸው ምሳ ላይ ደጋግመው ከሚሠሩት መልኮች አንዱ ሆነ። በረሃብ ያለፈ ሰው የፈጠረው ጀግና፣ ሌላ ትውልድ ልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይስቃል።

ጨዋታው ሸክም ሲሆን

በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ ነገሩ እጅግ ተስፋፋ። «ኪያራቤን» የሚባለው መጣ፤ የተረትና የካርቱን መልኮች በምግብ የሚሠሩበት ማለት ነው። ሩዙ በእጅ ይድቦለቦላል፤ ወረቀት የመሰለ የደረቀ የባሕር ሣር በመቀስ ተቆርጦ ዓይንና አፍ ይሆናል፤ እንቁላል በስሱ ተጠብሶ ፀጉር ወይም ልብስ ይሆናል። እናቶች ለዚህ ሲሉ ሌሊት ይነሱ ጀመር። መጽሐፍ ታተመ፣ ውድድር ተደረገ።

አን አሊሰን የተባሉ አሜሪካዊት የአንትሮፖሎጂ ምሁር በቶኪዮ ሲኖሩ ልጃቸውን መዋዕለ ሕፃናት አስገብተው ነበር። በ1991 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደሚነግሩን፣ የልጁ አስተማሪ ከትምህርቱ ይልቅ ልጁ ምሳውን ጨረሰ ወይስ አልጨረሰም የሚለውን ነበር አጥብቃ የምትከታተለው። ምሁሯ የደረሱበት ነገር ይህ ነው፦ ምሳው ልጁን ብቻ ሳይሆን እናቲቱንም ይፈትናል። ሣጥኑ ካላማረ «ይህች እናት ሰነፍ ናት» ይባላል።

እንግዲህ የታይሾ ዘመን ችግር በሌላ በር ተመልሶ መጣ። ድሮ ሣጥኑ የሚናገረው የአባትን ኪስ ነበር፤ አሁን ደግሞ የእናትን ጊዜና የእጅ ሙያ መናገር ጀመረ። ጊዜ የሌላት፣ ሥራ ውላ ማታ የምትገባ እናት ልጅ በጓደኛው ምሳ ይቀናል። በዚህ የተነሳ ኪያራቤን የከለከሉ መዋዕለ ሕፃናት አሉ።

በመጀመሪያና በመካከለኛ ደረጃ ያለው የትምህርት ቤት ምሳ ግን ሌላ መንገድ ሄዷል። ምግቡ ለሁሉም አንድ ነው። ልጆቹ ተራ ይገባሉ፤ ነጭ ሽርጥና ቆብ አድርገው ምግቡን ከማብሰያው ቤት አምጥተው ለጓደኞቻቸው ራሳቸው ያድላሉ። አስተማሪውም እዚያው ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር አንድ ዓይነት ምግብ ይበላል። ሲያልቅ ልጆቹ ያጸዳሉ። ዛሬ የሚያድለው ነገ ይታደልለታል፤ ስለዚህ ተቀባይ ብቻ የሚሆን ልጅ የለም።

በእህል ይቀለዳል እንዴ?

ይህን ታሪክ ለወላጆች ስብሰባ ላይ በአጭሩ ባወራ ጊዜ አንድ አባት ተነስተው «መምህር፣ ጥሩ ነው። ግን እኛ በእህል አይቀለድም ብለን ነው ያደግነው። እህል ከወደቀ አንስተን እንስማለን እንጂ አሻንጉሊት አንሠራበትም» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ራሽን በተቀነሰበት ጊዜ አንድ ኩባያ ዱቄት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም።

እኔም «አባቴ፣ እንጎቻስ?» አልኳቸው። ሳቁ።

እንጎቻን የማያውቅ ሐበሻ የለም። እናት እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ፣ ከቀረችው ሊጥ ለልጅ ብላ የምትጋግራት ትንሽ እንጀራ ናት። ትልቁ ሞሰብ ላይ ያለው ያው ጤፍ ነው፤ ልጁ ግን የራሱ እንጀራ ስላለው የዓለም ንጉሥ ይሆናል። ሙልሙልም እንዲሁ ነው። ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሲሉ ለዋሉ ልጆች ታስቦ የሚጋገር የልጅ ዳቦ ነው። ጉርሻ ለሚያስቸግር ሕፃንም «ይችን ለአባባ፣ ይችን ለእማማ» እየተባለ ይጎረሳል። ስለዚህ ምግብን ለልጅ ማሳመርና ማጫወት ከጃፓን የምንበደረው ነገር አይደለም። ከቤታችን ነው፤ በስደት ከጠፉብን ብዙ ነገሮች አንዱ ነው እንጂ።

በእህል መቀለድ ማለት እህልን ማባከን ነው። ለልጅ ብሎ ማሳነስ፣ ማድቦልቦል፣ ስም ማውጣት ግን አንዲት ፍርፋሪ አያባክንም። እንዲያውም ልጁ እስከ መጨረሻው ይበላዋል።

ታዲያ ክፍላችን ውስጥ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ትእዛዝ አይደለም፣ የአንድ መምህር ሐሳብ ነው።

አንደኛ፣ ማንንም ልጅ ምሳህን አሳይ አልለውም። ስለ ምግብ ሳስተምር ልጆቹ የሚወዱትን ምግብ እንዲሥሉ አደርጋለሁ። በሥዕል ድሀ የለም። ያ ከክፍል ወጥቶ የቀረው ልጅ ሙሉ ገጽ የሞላ ሥዕል ሠርቷል፤ አያቱ ቤት የነበረው ምጣድና በምጣዱ ዙሪያ የተቀመጡ አምስት ሰዎች።

ሁለተኛ፣ ቅርጽ መሥራት በጭቃ እንጀምራለን። ወንዙ ዳር ያለው ጭቃ ነፃ ነው። ወፍ፣ ግመል፣ መኪና ይሠራሉ። ይህን የለመደ ልጅ ቤቱ ገብቶ እናቱ ቂጣ ስትጋግር እጁን ታጥቦ «እማዬ፣ ትንሽ ሊጥ ስጪኝ» ይላል። አንዲት እናት እንደነገሩኝ፣ ሴት ልጃቸው በኩባያ አፍ እየቆረጠች «ጨረቃ» የምትለውን ቂጣ ትሠራለች፤ ከጎን የተረፈውን ሊጥ ቆንጠጥ አድርጋ ወፍ ታደርገዋለች። ዱቄቱ ያው የራሽን ዱቄት ነው። ወላጆችን ግን «እንዲህ ሥሩ» ብለን አንጠይቅ። የጃፓን እናቶች ላይ የደረሰውን አይተናል። ውሃ ወረፋ ላይ ግማሽ ቀን የቆመች እናት ላይ ሌላ ሥራ መጨመር ግፍ ነው።

ሦስተኛ፣ ገንፎው በሚታደልበት ሰዓት እኔም ኩባያዬን ይዤ ከልጆቹ ጋር እቀመጣለሁ። ማደሉን በተራ ያደርጋሉ። ፋፋው ወፈር ያለ ቀን «ዛሬ ተራራ ነው»፣ የቀጠነ ቀን «ዛሬ ወንዝ ነው» ይባላል፤ ስሙን ያወጡት ልጆቹ ናቸው። ገንፎው በዚህ አይጨምርም። የራሽን ጉዳይ የሚመለከታቸውን ሰዎች ዝም እንበል ማለቴም አይደለም፤ ልጅ በስም አይጠግብም። ነገር ግን አንድ ኩባያ ገንፎ እያፈረ የሚጠጣ ልጅና እየሳቀ የሚጠጣ ልጅ አንድ አይደሉም።

ጃፓኖች ከመነኮሳቱ ድብልብል ሩዝ ተነስተው አሁን ያሉበት ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። በመካከሉ የእርዳታ ወተት ጠጥተዋል፣ ባዶ ሣጥን ዘግተዋል፣ ተሳስተዋል፣ አርመዋል። የእኛ ልጆችም ዛሬ የያዙት ኩባያ የታሪካቸው መጨረሻ አይደለም።

ለክፍል ውይይት

1. ለልጅ ተብሎ በቤታችሁ የሚሠራ ልዩ ምግብ ምን ነበር? ማን ይሠራው ነበር? በእናንተ ቋንቋ ስሙ ማን ይባላል? ከሌላ አገር የመጡ ጓደኞቻችሁንም ጠይቁ።

2. የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር በ1932 «የድሀ መጦሪያ መስሎ እንዳይታይ» ያለው ለምን ይመስላችኋል?

3. ኪያራቤን የከለከሉት መዋዕለ ሕፃናት ትክክል ናቸው? በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።

4. አያቶቻችሁን ወይም ጎረቤት ያሉ ሽማግሌዎችን ስለ ስንቅ ጠይቁና አንድ ገጽ ጻፉ። ጥሩ የሆኑት በሚቀጥለው እትም ይወጣሉ።

ቸር ሰንብቱ።